አምስቱ ዓመታት የት ይዋሉ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ ማንበብ የለመደ ሰው አንዱን መስመር በቃሉ ያውቀዋል። «ተፈላጊ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ» በሚለው ዓምድ ሥር «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት፣ ማስተርስና 6 ዓመት፣ ፒኤችዲና 4 ዓመት» የሚል ዓይነት ነገር ይሰፍራል። ቁጥሩ እንደ መደቡ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። በአገራችን ትምህርት በሥራ ልምድ የሚመነዘርበት ይፋ ምንዛሪ ይኸው ነው።

ስሌቱም ቀላል ነው። ማስተርስ ያለው ሰው ፒኤችዲ ቢጨምርበት የሚቆጥበው ሁለት ዓመት ነው። ፒኤችዲው ራሱ ግን በደንቡ አራት፣ በተግባር አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል። ለመደብ ዕድገት ብሎ የገባበት ሰው ጨርሶ ሲመለስ ቢሮ የቀረው ጓደኛው ልምዱን ሞልቶ መደቡን ይዞ ይጠብቀዋል። ቀጣሪው ራሱ ባወጣው ምንዛሪ ስንሄድ አምስቱ ዓመት ሥራ ላይ ቢውል የተሻለ ያወጣል ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ የገቡ ብዙ ናቸው። አስልተው የገቡም አሉ፤ እነዚህኞቹ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ሌላ ነገር፣ ዋጋውንና የሚገኝበትን መንገድ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በኢትዮጵያ ሁኔታ ሥራ ያላስነሳውን ጥያቄ ይዞ ዶክትሬት መጀመር ከባድ ኪሳራ ነው፤ ሥራው ያስነሳውን፣ ሌሊት የሚያስነቃውን ጥያቄ ይዞ ለሚገባ ሰው ግን የትኛውም የልምድ ብዛት አይተካውም።

ጉዳዩን ከፉሪ መመልከት የሚመቸው በምክንያት ነው። ፉሪ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጫፍ፣ ከለቡና ከጀሞ ጎን፣ አዲስ አበባ ከሸገር ከተማ ጋር በሚገናኝበት የሚገኝ ሰፈር ነው። ከመሀል ከተማ ኪራይ የሸሸ ደመወዝተኛ፣ መምህር፣ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ መሐንዲስ ብዙ ነው። ስሙን የሰጠው የፉሪ ተራራ ከኋላ ቆሟል። ከፊት ደግሞ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ መንገደኛ የሚሳፈረው እዚህ ነው። ልምድና ዶክትሬት ምን ያህል እንደሚችሉ በተግባር የተፈተነበት ቦታ ማሳየት ካስፈለገ፣ ከዚህ መሥመር የተሻለ አላውቅም።

መሥመሩ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚሁ ጣቢያ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ ኤሌክትሪክ። መደበኛ አገልግሎት በታኅሣሥ 2010 ሲጀመር ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱትና የሚጠግኑት የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን አጠገባቸው ቆመው፣ ወደ ቻይናም ተልከው እየሠለጠኑ ቀስ በቀስ ተኳቸው። ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ ባለቤቶቹ የተዛወረው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። መሪውን የተረከበው ትውልድ የተረከበው ዲግሪውን አሳይቶ አይደለም፤ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሐዲዱ ላይ ውሎ አድሮ ነው።

ነጂው የሚያውቀውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ጣቢያው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መሥመሩ የሚያልቀው ወደብ ላይ ነው። የጭነት ባቡር ይዞ የሚወርድ ነጂ የኤሌክትሪክ ብሬኩን የት ጀምሮ እንደሚይዝ፣ የአየሩን ብሬክ መቼ እንደሚጨምር፣ ሐዲዱ በዝናብ ሲረጥብ ስንት ሜትር ቀደም ብሎ ማሰብ እንዳለበት የሚያውቀው ደጋግሞ በመውረድ ነው። በአፋርና በሶማሌ ሜዳ ግመልና ከብት በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ኩርባ አካባቢ ሐዲድ እንደሚያቋርጥ የሚያውቀውም እንዲሁ ነው። ይህን ዕውቀት በማንኛውም ዲሰርቴሽን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ቢጻፍ እንኳ ያነበበው ሰው ባቡር አይነዳበትም።

አሁን ወደ ጎማው እንሂድ። ባቡር ኩርባ ላይ ሲዞር የብረት ጎማው ከንፈር የሐዲዱን ጎን ይፍቀዋል። ልምድ ያለው ቴክኒሻን ጎኑ ከልክ በላይ የሚያብረቀርቅ ሐዲድ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ ጎማውን በእጁ ዳስሶ የሳሳውን ይለያል። ምን ያህል እንደሳሳ ለመለካት መሣሪያ አለው፤ መቼ እንደሚቀየርም የተሰጠው ሠንጠረዥ ይነግረዋል። ሠንጠረዡ የተሠራው ግን ለሌላ አገር አየር፣ ለሌላ አቧራ፣ ለሌላ ቁልቁለት ነው። ጎማው ከተገመተለት ዕድሜ ቀድሞ ሲያልቅ ምክንያቱ አሸዋው ይሁን፣ የኩርባው አጣጣል ይሁን፣ የቅባቱ ማነስ ይሁን፣ ወይስ ብረቱ ራሱ፣ ይህን ለይቶ መመለስ ዓመታት የሚፈጅ ልኬት፣ የላቦራቶሪ ሙከራና ሒሳብ ይጠይቃል። ቴክኒሻኑ ለዚህ ጊዜ የለውም፤ መሣሪያውም የለውም። የዶክትሬት ተማሪ የሚያስፈልገው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ደግሞም ተማሪው አለ። አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቁሞ በባቡር ምህንድስና በማስተርስና በዶክትሬት ያስተምራል፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ ይቀበላል። ከአምስት ኪሎ እስከ ፉሪ በታክሲ ሁለት ሦስት ቅያሪ ነው። የዚህ አገር የትምህርትና የሥራ ችግር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ተዘርግቶ ይታየኛል። የዶክትሬት ተማሪው ርዕሱን የሚያገኘው ከመጽሔት ነው ወይስ ከጎማው? ቴክኒሻኑ ችግሩን የሚያስረክበው ለማን ነው? ተማሪው መረጃ ለመጠየቅ ደብዳቤ አጽፎ ሲሄድ በር የሚከፍትለት አለ? ጨርሶ ሲመረቅስ ጥናቱን የሚያነብ የጥገና ኃላፊ ይኖራል? እነዚህ ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ያገኙ ዕለት «ፒኤችዲ ይሻላል ወይስ ልምድ» የሚለው ክርክር ግማሹ ይረግፋል።

መልስ ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ይዞ ተነሣ። ዓመታት ሲያልፉ ከግማሽ በላዩ በመለዋወጫ እጦት ቆመ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ዋናው ምክንያት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የትኛው ክፍል እዚህ ሊሠራ ይችላል፣ በምን ብረት፣ በምን ጥራት የሚለውን አጥንቶ ወርክሾፕ የሚያስገባ በቂ ሰው አልነበረንም። ድሮ ድሬዳዋ የነበሩት የምድር ባቡር ባለሙያዎች ፈረንሳይ ሠራሹን ባቡር በእጃቸው ሥራ አሥርተ ዓመታት አቆይተውታል። የእነሱ ዕውቀት በሥርዓት ተጠንቶ ለአዲሱ መሥመር ቢሻገር ኖሮ ምን ያህል እንጠቀም ነበር!

ከባቡሩ ወጥተን ሰፋ አድርገን እንየው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ በአመዛኙ የውጭ ሰዎች ነበሩ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ዶክተር ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። በመሆኑም ዶክትሬት በአገራችን የተለመደው በጣም ጥቂት ሰዎች የሚያገኙት፣ ከውጭ የሚመጣ፣ ሹመትን የሚያስከትል ነገር ሆኖ ነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ሁሉም ዶክተር ይፈልጋሉ፤ ማስተርስ የሚያስተምርና የሚያማክር በአብዛኛው ፒኤችዲ ያለው ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላለ ሰው ታዲያ ምርጫው ተወስኖለታል። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚወጣበት መሰላል ዋና እርከኑ ፒኤችዲ ነው። ማስተማር የሚወድ፣ ምርምር የሚወድ፣ ዕድሜውን ግቢ ውስጥ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ይማር፤ በቶሎ ይማር። ነገር ግን ለገንዘብ ብሎ ከሆነ ዙሪያውን ይመልከት። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በመካከላቸው ፒኤችዲ ይዘው ቤት ኪራይ የሚያስጨንቃቸው ነበሩ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር፣ የእርከኑ ጣሪያ ደግሞ 39,000 ብር ሆኗል። ከጀማሪው እስከ ጣሪያው ያለው ርቀት ራሱ አጭር ነው። በዚህ መካከል አምስት ዓመት ጥናት ገብቶ የሚወጣ ሰው በደመወዝ ልዩነት ያወጣውን ለመመለስ ብዙ መጠበቅ አለበት።

ሌላም ነገር አለ፤ በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር አቅም በእጅጉ ወርዷል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተማሪው በወር የሚከፍለው ኪስ ገንዘብ እዚህ ከዓመት ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለብዙ ወጣት ፒኤችዲ የመውጫ በር ነው። ይህን በመፈለጉ ማንንም አልወቅስም፤ ወላጅ የሚጦር፣ ታናናሾች የሚያስተምር ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? የምፈራው ሌላ ነው። በሩን ለመውጣት ብቻ የተመረጠ ርዕስ አምስት ዓመት አብሮ የሚኖር ርዕስ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሙከራው እንቢ ሲል፣ ክረምቱ ሲጨልም፣ ከአገር ቤት የለቅሶ ስልክ ሲደወል ይዞ የሚያቆየው ለጥያቄው ያለ ፍቅር እንጂ ቪዛ አይደለም።

አገር ውስጥ የሚማረውም መንገዱ ቀላል አይደለም። ስተዲ ሊቭ የሚወጣ መምህር ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስ ያቀርባል። ኮርስ ይወስዳል፤ ፕሮፖዛሉን ዲፌንድ ያደርጋል። ከዚያ ረጅሙ ዝምታ ይመጣል። አማካሪው አሥር ተማሪ የያዘ፣ በዚያ ላይ ዲን ወይም ኃላፊ የሆነ፣ ፕሮጀክትም የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። የተላከለት ምዕራፍ ሳይነበብ ወር ያልፋል። ኬሚካል ታዞ በጉምሩክ ይዘገያል፤ መሣሪያ ተበላሽቶ ጠጋኝ ይጠፋል። ፐብሊኬሽን ሳያወጡ መመረቅ ስለማይቻል ጽሑፉ መጽሔት እጅ ገብቶ ወራት ይቀመጣል፤ ተስፋ የቆረጠው በገንዘብ የሚያሳትሙ፣ ማንም የማያነባቸው መጽሔቶች ወጥመድ ውስጥ ይገባል። በመስክ ጥናት ላይ የነበሩ ተማሪዎች ደግሞ በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል በተፈጠረው ሁኔታ መረጃ የሚሰበስቡበት ወረዳ ተዘግቶባቸው ርዕስ እስከ መቀየር ደርሰዋል። በደንቡ የተጻፈው አራት ዓመት ይህን ሁሉ አይቆጥርም።

በሌላው ዓለምም ዶክትሬት በገንዘብ ሲመዘን አያስደንቅም። በርናርድ ኬሲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት እንግሊዝ ውስጥ ፒኤችዲ ያላቸው ወንዶች ዩኒቨርሲቲ መግባት እየቻሉ ካልገቡት 26 በመቶ ብልጫ ሲያገኙ፣ ማስተርስ ያላቸው ደግሞ 23 በመቶ ብልጫ ያገኛሉ። ልዩነቱ ሦስት የመቶኛ ነጥብ ነው። በአንዳንድ የትምህርት ዘርፎች ጭራሹን ይጠፋል፤ በምህንድስናም ማስተርሱ ይበልጣል። ያውም ለፒኤችዲ ሰፊ የሥራ ገበያ ባለበት አገር።

የእኛ የሥራ ገበያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ውጪ ዶክትሬትን ብዙም አይጠይቅም። ባንክ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ቅርንጫፍ አስተዳድሮ፣ ብድር መርምሮ፣ ኦዲት ተደርጎ ያለፈ ሰው ነው። በግንባታ ዘርፍ ባለሙያ ሲመዘገብ ከፍ ያለ ደረጃ የሚያገኘው በሠራባቸው ዓመታትና በሠራቸው ፕሮጀክቶች ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን እንመልከት። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት መስፍን ጣሰው በመሐንዲስነት የተቀጠሩት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ተወልደ ገብረማርያምም ከታች ከትራንስፖርት ሠራተኝነት ጀምረው የወጡ ናቸው። ሁለቱም ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው በላይ ተምረዋል፤ ትምህርቱን ያስከተሉት ግን ሥራው ላይ ሆነው ነው፣ ዶክትሬትም አልጠየቃቸውም። አፍሪካ ውስጥ ትልቁን አየር መንገድ ያቆመው ይህ ልማድ ነው፤ የራሱን አብራሪ፣ የራሱን መካኒክ፣ የራሱን አለቃ ከሥር ኮትኩቶ ማሳደግ።

ለልምድ ኃይል ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ምስክር ግን ማሚቱ ጋሼ ናት። በወሊድ ምክንያት በፌስቱላ ተጎድታ ገና በልጅነቷ ከገጠር ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች፤ ያከሟት ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። ከዳነች በኋላ አልተመለሰችም። አልጋ አነጠፈች፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ጊዜ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ፊደል ሳትቆጥር ለዓመታት አየች፣ ያዘች፣ ሰፋች። ሬጂናልድ እጇን ይዞ አሳያት። በመጨረሻም ማሚቱ ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆና፣ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው የመጡ ሐኪሞችን የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና እስከ ማሠልጠን ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በወርቅ ሜዳሊያው አክብሯታል። ስለ ልምድና ትምህርት የሚከራከር ሁሉ ይህችን ሴት ሊያውቃት ይገባል። ዲግሪ ስለሌለው ሰው ዕውቀት ሲናቅ በሰማሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ይህን ካልኩ በኋላ የልምድ ወሰን የት ላይ እንደሆነ መናገር አለብኝ፤ ለዶክትሬት ያለኝ ክብር የሚነሣው ከዚያ ነውና። እናቶቻችን ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ምን ያህል ዘመን እንደኖሩ ማን ያውቃል? እንዶድ አረፋ እንዳለው፣ እድፍ እንደሚያስለቅቅ፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአሜሪካ ዶክትሬቱን ይዞ በቅርብ የተመለሰው አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቆሞ ሌላ ነገር አየ፦ ከታጠበበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሐዋሲ ተሸካሚ መሆኗን ያውቃልና ጥያቄው ወዲያው መጣለት። ከዚያ በኋላ የተከተለው ለሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ሥራ ነው፤ የምርምር ተቋም አቋቋመ፤ ተቋሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሴቶቹ ያለ እሱ እንዶዱን ያውቁታል፤ እሱም ያለ እነሱ ወንዙ ዳር የሚያየው አልነበረውም። ሆኖም ያቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ የቻለው ሠልጥኖ ነው።

የማሽላ ተመራማሪው የገቢሳ እጀታም ነገር እንዲሁ ነው። የማሽላ ገበሬ አቀንጭራን ያውቃታል፤ ነቅሎ ነቅሎ የሰለቸው እሱ ነው። አረሙ ዘሩን መሬት ውስጥ ዓመታት ደብቆ የሚያስቀምጥ፣ ማሽላው ሲበቅል ብቻ የሚነሣ ለምን ሆነ? መልሱ ያለው የማሽላው ሥር በሚያመነጨው ኬሚካል ውስጥ ነው፤ የአቀንጭራ ዘር ያን ምልክት ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ይህን አውቆ ምልክቱን የማያመነጭ ማሽላ ማዳቀል የላቦራቶሪና የዓመታት ሥራ ነው። ገቢሳ ዓለማያ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጨርሶ፣ ሱዳን ወርዶ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጣ፤ ቀጥሎ አቀንጭራን የሚቋቋመውን። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት ተሰጠው። ልብ እንበል፤ ዶክትሬቱን እንደያዘ የሄደው ገበሬ ወዳለበት ሱዳን ነው።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤታችን ትምህርትና ሥራ አብረው መሄድ እንዳለባቸው ያውቅ ነበር። ድጓ የሚማር ተማሪ ዓመታት ከተማረ በኋላ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይሄዳል። ከመመስከሩ በፊት ግን ታናናሾቹን ሲያስጠና፣ ሲያስቀጽል፣ በማኅሌት ቆሞ ሲያገለግል ነው የኖረው። ምስክር የሚሰጠው ሲያገለግል ለታየ ሰው ነው። አገልግሎትና ትምህርት ተለያይተው ተቆጥረው አያውቁም። ዘመናዊው ትምህርታችን ከውጭ ሲቀዳ ይህን ትቶት መጣ፤ ትልቅ ነገር ነው ያጣነው።

ስለ ሴቶች በተለይ መናገር ያስፈልጋል። ዶክትሬት የሚበላቸው ዓመታት በአገራችን ትዳርና ልጅ የሚመጡባቸው ዓመታት ናቸው፤ ሸክሙም በእኩል አይከፈልም። ወንዱ ሲማር ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ሴቷ ስትማር ቤቱ ይከተላታል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ፣ ዓለማያ ተምራ፣ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያገኘችው ሰገነት ቀለሙ ኮሎምቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመት በዕፅዋት በሽታ ምርምር ሠርታ፣ በኋላ ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን መርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያል ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸላሚም ናት። ከእሷ ኋላ የሚመጡት እንዲበዙ ከተፈለገ ስኮላርሺፕ ብቻ አይበቃም፤ ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ፣ ለወሊድ የሚቆም የጊዜ ገደብ፣ የሚረዳ አማካሪ ያስፈልጋል።

ለማዕረግ ብቻ ዶክተር መባል ስለሚፈልጉት ብዙ ማለት አልፈልግም። ሹመት ላይ ሆነው በችኮላ የሚማሩ፣ የማይታወቅ ተቋም ወረቀት ገዝተው የሚመጡ መኖራቸው የአደባባይ ምሥጢር ነው። የሚጎዱት እውነተኞቹን ነው፤ ስድስት ዓመት ለፍቶ የመጣው ልጅ በእነሱ ምክንያት ይጠረጠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ እምነት ማስተርሱን ጨርሶ ፉሪ ወይም ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ያለ ወጣት መጀመሪያ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ይሥራ። በእነዚህ ዓመታት ከሥራው ውስጥ ባለሙያዎቹ ሁሉ የሚያውቁት፣ ማንም ግን የማይመልሰው ችግር ካጋጠመው፣ ከችግሩም ጋር ካልተለያየ ይማር። ሥራውን ሳይለቅ መማር ቢችል ይመረጣል፤ አቃቂ ማዕከል የከፈተው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎችን በርቀት አስተምሮ አስመርቋል። መንገዱ አድካሚ ነው፤ ከፉሪ ወደ ከተማ በታክሲ ሰልፍ የሚያልፈውን ሰዓት፣ ሌሊቱን፣ ቅዳሜና እሑዱን ይበላል። ግን ጥያቄውና መልሱ አንድ ቦታ ይኖራሉ።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ያቺ የቅጥር ማስታወቂያ መስመር መለወጥ አለባት። ከሥራው ጋር የተያያዘ ችግር አጥንቶ ዶክትሬት የሠራ ሰው ጥናቱ የወሰደበት ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ ሊቆጠርለት ይገባል፤ ከመደቡ ጋር ያልተያያዘው አይቆጠር። ዩኒቨርሲቲዎችም በተራቸው አሥር ዓመት ሐዲድ የጠገነን መሐንዲስ ማዕረግ ሰጥተው ክፍል ያስገቡት፤ የዶክትሬት ተማሪን ደግሞ አንድ ዓመት ጥገና ክፍል ያስቀምጡት። የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር የሚባል ቢሮ በየግቢው አለ፤ ሥራው ይኼ ነው።

አመልካቹም ውሉን ከመፈረሙ በፊት አማካሪው ያስመረቃቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጎ ያነጋግር። ስንት ዓመት ፈጀባቸው? የተላከ ምዕራፍ በስንት ሳምንት ተነቦ ይመለሳል? መሣሪያው ይሠራል? ያቋረጡስ ስንት ናቸው? የዋስትናውን አንቀጽም ዋስ ከሚሆነው ወንድሙ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብብ፤ ትምህርቱ ቢቋረጥ ስንት ብር፣ በማን ስም፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ እዚያ ላይ ተጽፏል።